ተራው የማን ነው?

በገና ሰሞን አረርቲ ዘመድ ቤት ተቀምጠን ሳለ ከባሕር ማዶ የመጣው የእኅቴ ልጅ ከሻንጣው አንድ ጥቅል ካርታ አውጥቶ ከፊቴ ዘረጋ። እኔ የማውቀው ካርታ ንጉሥ፣ ንግሥትና ጆከር ያለበትን ነው። የእሱ ካርታ ግን ድብ አለበት፤ መብረቅ አለበት፤ ደንና ተራራ አለበት። «ጋሼ፣ ለያንዳንዳችን ሃያ ነፍስ አለን፤ ቀድሞ ነፍሱ ያለቀበት ተሸነፈ» አለኝ። መቁጠሪያ ስላልያዘ ከሰፌዱ ላይ ሃያ ሃያ ፍሬ የሽምብራ ቆሎ ቆጥረን ወሰድን። አረርቲ ስሟን ለአንድ የሽምብራ ዝርያ ያወሰች ከተማ ናትና ሽምብራ አይቸግርም። የቸገረው ለቡና የተጠሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ከጎኔ መቀመጣቸው ነበር፤ ጨዋታው ሳይጋመስ ከነፍሶቼ ሁለቱን ቆረጠሙብኝ።

ስለዚህ ጨዋታ ልጽፍ የተነሣሁት ስለተሸነፍሁ አይደለም፤ መሸነፉንስ ተሸንፌያለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ልጁ በየደቂቃው የሚያነሣው አንድ ጥያቄ ነው። ካርታ በጣለ ቁጥር ቀና ብሎ ያየኝና «ጋሼ፣ ምላሽ አለህ?» ይለኛል። ይህን የሚለው ጨዋ ሆኖ ብቻ አይደለም፤ ደንቡ ያስገድደዋል። ለካስ ተራው የእሱ ቢሆንም ጊዜው የሁለታችንም ኖሯል።

ጨዋታው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ይባላል። ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሰው ፈልስፎት እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ ዋለ። ተጫዋቹ ካርታውን ገዝቶም ተለዋውጦም ያጠራቅማል፤ ካጠራቀመው መርጦ የራሱን ጥቅል ያዘጋጃል። እያንዳንዱ ካርታ ዋጋ አለው፤ የሚከፈለውም ደንና ተራራን ከመሳሰሉት የመሬት ካርታዎች በሚገኝ ኃይል ነው። የኃይሉ ስም «ማና» ነው። እኛ ዘንድ መና መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለልጁ ላስረዳው ሞክሬ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ራሱ ጨዋታው አስረዳን።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ኃይሉ ሁለት፣ ጽናቱም ሁለት የሆነ አንድ ድብ አሰልፌያለሁ። ልጁ በድቤ ላይ ሦስት ጉዳት የሚያደርስ መብረቅ ጣለ። ምላሽ እንዳለኝ ጠየቀኝ። አለኝ! የአንዱን ፍጥረት ኃይልና ጽናት ለዚያች ተራ በሦስት በሦስት የሚያሳድግ ካርታ ይዤ ነበርና በመብረቁ ላይ ደረብሁበት። ደንቡ በመጨረሻ የተጣለው አስቀድሞ ይፈጸማል ይላል። ስለዚህ ድቤ በመጀመሪያ ያድጋል፣ ጽናቱ አምስት ይሆናል፤ መብረቁ ኋላ ሲደርስ ያቆስለው እንደሆነ እንጂ አይገድለውም። ደስ አለኝ። ልጁ ግን ፈገግ ብሎ በእኔ ካርታ ላይ ሁለተኛ መብረቅ ደረበበት።

እንግዲህ አንባቢ ክምሩን ይመልከት። ከታች የመጀመሪያው መብረቅ፣ መካከል ላይ የእኔ ማሳደጊያ፣ ከላይ ሁለተኛው መብረቅ። ሁለታችንም «ሌላ የለኝም» ስንል ክምሩ ከላይ ወደ ታች መናድ ጀመረ። ሁለተኛው መብረቅ ቀድሞ ወረደ፤ ድቤ ገና አላደገምና ሞተ። ቀጥሎ ማሳደጊያዬ ተራው ደረሰና ዒላማውን ፈለገ፤ የሚያሳድገው ድብ የለም፤ መና ቀረ። ከሥር የነበረው የመጀመሪያው መብረቅም የሚመታው አጣ፤ እሱም መና ቀረ። ሦስት ካርታ ወጥቶ የሠራው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ከሁሉ ኋላ የተጣለው።

በዚህ ጨዋታ ዒላማ ሁለት ጊዜ ይመረመራል። ካርታው ሲጣል ዒላማው በግልጽ ይጠራል፤ ከተጣለ በኋላ «ሐሳቤን ቀየርሁ፣ ያኛውን ልምታ» ማለት የለም። ካርታው ሊፈጸም ሲል ደግሞ ደንቡ መለስ ብሎ ያ ዒላማ ዛሬም እንደነበረ ነውን ብሎ ይጠይቃል። ከሌለ፣ ወይም በመካከሉ እንዳይነካ ሆኖ ከተገኘ፣ ካርታው ይመክናል። ከቶ ዒላማ ሊደረጉ የማይችሉ ፍጥረታትም አሉ። ነገር ግን ማንንም ለይቶ ሳይጠራ በመስኩ ላይ ያለውን ፍጥረት ሁሉ በጅምላ የሚያጠፋ ካርታ ሲመጣ እነዚህ አትንኩኝ ባዮችም ከሌላው ጋር አብረው ይጠፋሉ። ስሙ ተጠርቶ ከሚመጣ ጥቃት የተጠበቀ፣ ስም ከማይጠራው ጥቃት አልተጠበቀም። ይህን ያረቀቀው ሰው ብዙ ነገር አስቦበታል።

ይህን ሁሉ በአንክሮ ሲመለከቱ የቆዩት ሽማግሌ ሌላ ሽምብራ አንሥተው «ልጄ፣ ይሄ ጦርነት አይደለም፤ ሙግት ነው» አሉት። «አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። መመለስ ባለበት ሰዓት ዝም ብሎ ያሳለፈ ሰው ኋላ ቢጮህ ማን ይሰማዋል?» ልጁ ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቀኝ። በዛፍ ጥላ ሥር ዳኛ ተቀምጦ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው በላ ልበልሃ እየተባባሉ፣ ውርርድ እያስያዙ፣ ቃል በቃል ላይ እየደረቡ ይሟገቱ እንደነበረ ነገርሁት። የሽማግሌው ፍርድ ትክክል ይመስለኛል። የካርታው ጨዋታ በሥዕሉ ጦርነት ነው፤ በጊዜ አያያዙ ግን ችሎት ነው። የደንቡ ሙሉ መጽሐፍም ከ200 ገጽ በላይ ነው፤ ለጨዋታ የተጻፈ ሳይሆን ለፍርድ ቤት የተጻፈ ይመስላል።

ይሁን እንጂ ሙግቱም ካርታውም ተራ አላቸው። ምላሽ የሚባለው ነገር የተፈለሰፈው ተራው የሌላ ሰው ስለሆነ ነው። ጨዋታ ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር ጨርሶ ባይኖርስ? ይህን ስጠይቅ ከአሜሪካ ካርታ ወደ ሀገራችን ገበታ መሻገር ግድ ይሆንብኛል። እንዲህ ያለ ጨዋታ ነበረን፤ ስሙም ሠንጠረዥ ነው።

ቃሉ ዛሬ ዕድሉ ጠምሟል። ተማሪ ሠንጠረዥ ሲባል ትዝ የሚለው ቁጥር የተደረደረበት የመጽሐፍ ገጽ ነው፤ ሌላው ደግሞ ዓለም ሁሉ የሚጫወተውን ቼዝ በዚህ ስም ይጠራል። የጥንቱ ሠንጠረዥ ግን ከፋርስና ከዐረብ ሻትራንጅ የተወለደ፣ እኛ ዘንድ የራሱን ጠባይ ያወጣ ጨዋታ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። እቴጌ ጣይቱም ከበገናቸውና ከቅኔያቸው ጋር ይህን ጨዋታ ያውቁ ነበር። ገበታው እንደ ቼዝ ገበታ ጥቁርና ነጭ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ ቤቶቹ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ ይለያሉ። ጠጠሮቹ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ ናቸው። መደቅ እግረኛው ነው፤ አንድ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል።

ስለ አጨዋወቱ የምናውቀውን አብዛኛውን የጻፉልን እንግዶች ናቸው፤ ይህ የሚያስቆጭ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፉ የትግሬው ራስ ወልደ ሥላሴ ከመኳንንታቸው ጋር ሲጫወቱ ያየውን አስፍሯል። በ1860 የተገደለው ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ከሞተ በኋላ በ1868 በታተመው መጽሐፉ ደንቡን ዘርዝሮ ተወልን። የቼዝን ታሪክ የጻፈው መሪ በ1913 እነዚህን ምስክሮች ሰብስቦ አስገባቸው። ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ሁሉንም አቀናጅቶ አቀረበው። ምስክሮቹ በሁሉም ነገር አይስማሙም። ለምሳሌ ሶልት መደቅ የገበታውን ዳር ቢነካም ሹመት አያገኝም ሲል፣ ሌሎቹ ፈርዝ ይሆናል ይላሉ። በአንድ ነገር ላይ ግን ጥርጥር የለም፤ ሠንጠረዥ የሚጀመረው በወረራ ነው።

ወረራ ማለት ይህ ነው። ጨዋታው እንደ ተጀመረ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ሦስት ጊዜ ሲያንቀሳቅስ ሌላው አንዴ ቢሆን፣ ወይም አምስት ጊዜ ቢሆን፣ የሚከለክለው የለም። የባላጋራውን እጅ እያየ ያደረገውን መልሶ ያፈርሳል፣ ሌላ ይሠራል። ይህ የሚቆየው አንደኛው ወገን የመጀመሪያውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወረራው ያበቃል፤ ሁሉም በተራ በተራ ይሆናል።

በቼዝ ሥርዓት የታነጸ ሰው ይህን ሲሰማ ግርግር ይመስለዋል። ደንብ ገና ሳይበስል የቀረበት፣ እጀ ፈጣን የሚያሸንፍበት የልጆች ሽሚያ አድርጎ ይገምተዋል። እኔም መጀመሪያ ሳነበው እንዲሁ መስሎኝ ነበር። ገበታ ዘርግቶ የሞከረው ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። መደቅ አንድ አንድ ቤት ስለሚራመድ ከሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት እርምጃ ሲሄዱ ግንባር ለግንባር ይገጥማሉ። ከዚያ በኋላ ፍጥነት ብዙም አይረዳም፤ የቸኮለ ሰው ሰልፉን ለባላጋራው ቀድሞ አሳየ ማለት ነው። ባላጋራው ደግሞ ያንኑ አይቶ ሰልፉን ያስተካክላል፤ ያኛውም ያንን አይቶ ያፈርሳል። በካርታው ጨዋታ «ምላሽ አለህ?» ተብሎ በቃል የሚጠየቀው፣ እዚህ ሳይነገር በዓይን ይጠየቃል፤ ምላሹም በእጅ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ማብቂያው ነው። ወረራን የሚያበቃ ሰዓት የለም፤ ዳኛም የለም። የሚያበቃው ከሁለቱ አንዱ «አሁን!» ብሎ ሲበላ ነው። የበላ ሰው ጠጠር አገኘ፤ ወዲያው ግን ተራን ፈጠረ፤ የመጀመሪያይቱንም ተራ ለባላጋራው ሰጠ። ስለዚህ ወረራ ውስጥ ያለው ትልቁ ጥበብ መቼ እንደሚበሉ ማወቅ ነው። ሰልፍህ ሳይደላደል ከበላህ በራስህ ላይ ፈረድህ፤ በጣም ከቆየህ ያኛው ይቀድምሃል። በዚህ ገበታ ላይ ሥርዓት ያለው ጊዜ የሚጀምረው በመጀመሪያው ሞት ነው። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ የማንም አይደለም። የማጂክ ሰዎች ተራ የሌላው ሆኖ ሳለ እጅን የማንሣት መብትን ለማበጀት ብዙ ደክመዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዱ የካርታ ዓይነት ከሌላው «ይፈጥናል» እያሉ ሲያምታቱ ቆይተው፣ እላይ ያየነውን የክምር ደንብ ያወጡት በ1999 ነው። የእኛ ሰዎች ያንን መብት በቀይ ጨርቅ ላይ በአንድ ቃል ጨርሰውታል።

እዚህ ላይ አድናቆቴን ልግታ። ሶልት እንደሚተርከው ተጫዋቾቹ ሲበሉ የባላጋራቸውን ጠጠር በኃይል መትተው ከቦታው ያፈናቅሉት ነበር፤ ዙሪያውን የቆመውም ሰው፣ አገልጋዩ ሳይቀር፣ ስለ አጨዋወቱ የመሰለውን ይናገር ነበር። ይህን ሳነብ ዛሬም በየከተማው ጥላ ሥር በጠርሙስ ቆርኪ ዳማ የሚጫወቱት ሰዎች ታዩኝ። ከሁለቱ ተጫዋቾች ይልቅ የሚጮኹት ስድስቱ ተመልካቾች ናቸው። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባል የለ! ሠንጠረዥም ለአንድ ሰዓት ያህል አፍን የሚፈታ ጨዋታ የነበረ ይመስላል። አፍ ግን አንድ ነገር ነው፤ እጅ ሌላ ነው። ከአንድ ራስ ፊት የተቀመጠ ባላባት ተራ የለም ስለተባለ ብቻ እጁን እንዳሻው ይዘረጋ ነበር ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። ደንቡ ለሁለቱም እኩል ጊዜ ይሰጣል፤ ልማድ ግን ለአንደኛው የበለጠ ሳይሰጥ አይቀርም።

ዒላማን በሚመለከት ደግሞ የሠንጠረዥ ደንብ ከዚህም ይልቃል። በፕላውደን ዘገባ መሠረት፣ ሠራዊቱ ሁሉ አልቆበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ ማት ሊደረግ፣ ማለትም መውጫ አጥቶ ሊያዝ፣ አይችልም። ያን ጊዜ ጨዋታው ያለ አሸናፊ ይቀራል። ከንጉሡ ጋር መደቅ ያልሆነ አንድ ጠጠር ብቻ ከቀረም፣ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ማት ማድረግ አለብህ፤ ካለዚያ እንዲሁ እኩል ትለያያለህ። እንግዲህ ጠላትህን ማድቀቅ ድልህን ማበላሸት ሆነ ማለት ነው። ያገኘኸውን ሁሉ የምትበላ ሆዳም ከሆንህ ዒላማህ በገዛ እጅህ የማይነካ ይሆንብሃል። ድቤን የገደለው ሁለተኛው መብረቅ የመጀመሪያውን መብረቅ ዒላማ እንዳሳጣው ማለት ነው። ብልኅ የሠንጠረዥ ተጫዋች ለባላጋራው የሚበቃውን ያህል ጠጠር ይተውለታል፤ እየተወለት ይከበዋል።

ይህን የአባቶቻችን ርኅራኄ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ርኅራኄ አልለውም። ክብር ፈላጊነት ነው። ለማኝ ሆኖ የቀረን ንጉሥ ማሸነፍ ለመኳንንት ጌጥ አይሆንም። ለዚህ ማስረጃዬ የማቱ ደረጃ ነው። ዘገባዎቹ እንደሚሉት በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ ክብር አልነበረውም፤ በፊልና በፈርዝ ሲሆን ይመሰገናል፤ በመደቅ ሲሆን እሰየው ያሰኛል። ለምን እንደሆነ ጠጠሮቹን ማየት ይበቃል። ደር የገበታውን ዳር ከዳር ይጠርጋል። ፈርዝ ግን በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል በሰያፍ አንዱን ቤት ዘልሎ ሁለተኛው ላይ ያርፋል፤ እንዲህ ሲዘል ቢኖር ከ64ቱ ቤቶች ሊረግጣቸው የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው። በገበታው ላይ ያሉት አራት ፊሎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ቢዘሉም አንዱ ከሌላው ጋር አይገናኙም። እንዲህ ባለ አንካሳ ጠጠር ንጉሥ መያዝ በርግጥ ጥበብ ይጠይቃል።

ግን እኮ ፌዙን እንመልከተው። በዚያ ዘመን ዘማቹን በስንቁ የሚያበላ፣ ጦር ባለፈ ቁጥር ማጀቱ የሚራቆት ባላገር ነው። በቀይ ጨርቁ ላይ ደግሞ ንጉሥን በእግረኛ እጅ መያዝ የጨዋታው ሁሉ ዘውድ ነው። ጭብጨባው ግን ለመደቁ አይደለም፤ መደቁን ላንቀሳቀሰው ጌታ ነው። ጨዋታው ትሑቱን ከፍ የሚያደርገው ለጌታው ጌጥ እንዲሆን ነው። ይህን ሳያነሡ ሠንጠረዥን ማወደስ ሙሉ ሒስ አይመስለኝም።

የልጁም ካርታ ከዚህ ነጻ አይደለም። ደንቡ ጊዜን ለሁለት እኩል ያካፍላል፤ ጥቅሉን ግን ገንዘብ ያካፍለዋል። ብርቱ ካርታ ውድ ነው፤ ያለው ሰው መብረቁ አያልቅበትም፤ የሌለው በድብ ይሟገታል። በሠንጠረዥ የራሱም የባላባቱም ጠጠር 16 ነው። ሌላም አለ። የማጂክን ጊዜ የሚያስተዳድረው አንድ ድርጅት ነው። በ2009 በውጊያ የሚደርስ ጉዳት ከእንግዲህ በክምሩ ላይ አይቆይም ብሎ ደንብ ለወጠ፤ በዓለም ዙሪያ ያለው ተጫዋች እያጉረመረመም ቢሆን ተቀበለ። የሠንጠረዥን ወረራ ማንም በአዋጅ አልሻረውም። የተሻረው ሳይጻፍ በመቅረቱ ነው። ዛሬ አንድ ወጣት ሠንጠረዥን በኮምፒዩተር ላጫውት ብሎ ቢነሣ መጀመሪያ ቆርጦ የሚጥለው ወረራን ይመስለኛል፤ ለማሽን ተራ ይቀልለዋልና። ያን ጊዜ በእጁ የሚቀረው ፊሎቹ የሚያነክሱ፣ ፈርዙ የደከመ ቼዝ ነው። ሰውም ይኼ ነበር እንዴ ብሎ ይተወዋል። ሠንጠረዥን ሠንጠረዥ ያሰኘው ጠጠሩ ሳይሆን ያቺ ባለቤት የሌላት ጊዜ መሆኗን አስቀድሞ ማወቅ ያሻል።

ይህን ያልሁት ልጁ ላይ ስለሞከርሁት ነው። በማግስቱ ከደብተር ወረቀት ቀድጄ 64 ቤት አሰመርሁ። ቆርኪ፣ ቁልፍና ሳንቲም ሹማምንት ሆኑ፤ ለመደቅ የእኔ ሽምብራ፣ የእሱ ባቄላ ሆነ። ደንቡን ነገርሁት። ፈጥኖ ገባው፤ ካርታው ዒላማን አስተምሮታልና የብቻው ንጉሥ አለመነካት አላስደነቀውም። የተቸገረው በመጀመሪያው ደቂቃ ነበር። እጁን በገበታው ላይ አንከርፍፎ ይጠብቃል።

«ጋሼ፣ ተራው የማን ነው?»

«የማንም።»

«እሺ መቼ ልጀምር?»

«እኔ ጀምሬያለሁ» አልሁት፤ እውነትም ሁለት መደቅ አራምጄ ነበር። ዓይኑ ፈጠጠ፤ ከዚያ ሣቀ፤ ከዚያ ዝም ብሎ እጄን ይመለከት ጀመር። ለረጅም ጊዜ ማናችንም አልበላንም። ፈረሱን ያወጣል፣ እኔ መደቄን አስጠጋለሁ፣ ፈረሱን ይመልሳል። በዚህ መካከል ሽማግሌው ጎረቤታችን ገብተው ከጎናችን ተቀመጡ። ልጁ ድንገት «አሁን!» ብሎ ሽምብራዬን በባቄላው መትቶ አነሣ፤ ወረራው አበቃ፤ ተራውም የእኔ ሆነ። ልመልስለት የቀኝ ክንፌን ስመለከት ሁለት መደቅ ጎድሎኛል። ቀና ብዬ ሳይ ሽማግሌው ያኝካሉ።